ዐጸድና ቅጽር፤ የደብር ዛፍ ታሪክ

በደጋው አገር መንገድ የሚሄድ ሰው መንደር መኖሩን ከሩቅ የሚያውቀው በጢሱ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን የሚያውቀው ግን በዛፉ ነው። እርሻው ገላጣ፣ ተራራው ራቁቱን ሆኖ ሳለ ከጉብታው ላይ ጠቆር ያለ ክብ ደን ቢታየው፣ መንገደኛው ማንንም ሳይጠይቅ ከበቅሎው ወርዶ ይሳለማል። ጉልላቱ ገና አልታየም፤ ደወሉም ገና አልተሰማም፤ ነገር ግን ዛፉ ቀድሞ ነግሮታል። ዛፍ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ልብስ እንደሌለው ሰው ነው እያሉ ካህናት መናገራቸው ስለዚህ ነው።

ይህ ልብስ እንዴት እንደ ተሸመነ፣ እስከ ዛሬም ማን ጠብቆ እንዳቆየው፣ አሁንስ በየት በኩል እየሳሳ እንደ ሄደ በኢዮቤልዩ መታሰቢያ መጽሐፍ ውስጥ መጻፉ የተገባ ነው። ሕንጻው ከተሠራ ስንት ዓመት እንደ ሆነው የሚቈጥር ሰው ብዙ ነው፤ በሕንጻው ዙሪያ የቆመውን የዛፍ ዕድሜ የሚቈጥር ግን ጥቂት ነው።

ስለ ዐጸድ ስም

ዐጸድ የግእዝ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም የተክል ቦታ፣ ግቢ፣ የታጠረ ስፍራ ማለት ነው። ወይን የተተከለበት ዐጸደ ወይን ይባላል፤ ሕፃናት የሚያድጉበት ዐጸደ ሕፃናት ይባላል፤ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለውም ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ይባላል። አንባቢ ያስተውል፤ በነዚህ ሁሉ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ ይኸውም የሚያድግ ነገርና የሚያድገውን የሚከልል አጥር ነው። ገነት የሚለው ስምም ቢሆን በዕብራይስጡ ጋን ከሚለው ጋር ዘመድ ነው፤ ሥሩም መከለልና መጋረድ ማለት ነው። ስለዚህ በጥንቱ ሰዎች አሳብ አጥር የሌለው የተክል ቦታ ሜዳ እንጂ ገነት አልነበረም።

በኦሪት ዘፍጥረትም አዳም በገነት ሲቀመጥ የተሰጠው ሥራ ሁለት ነበረ፤ አንዱ መሥራት፣ ሁለተኛው መጠበቅ ነው። መሥራት ያለ መጠበቅ ዘርን ለወፍ መበተን ነው፤ መጠበቅም ያለ መሥራት ባዶ ሜዳን ማጠር ነው። የዚህ ታሪክ ነገር ሁሉ በነዚህ በሁለቱ ቃላት ይጠቀለላል።

ስለ ዐጸዱ ተክልና ስለ ጥቅሙ

የደብር ተክል ለዓይን ውበት ብቻ የቆመ አይደለም። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ብርብራ፣ ሾላ፣ በግርጌያቸውም ቀጋ፣ አጋም፣ እንዶድና ጌሾ እንደየአገሩ ጠባይ ይበቅላሉ። ምስጥ ከማይደፍረው ከጥዱ ምሰሶና ወራጅ ይወጣል፤ ከዋንዛው ከበሮ ይፈለፈላል፤ ከወይራው መቋሚያ ይጠረባል፣ ጢሱም የወተቱን ዕቃ ያጥናል፤ የኮሶው አበባ የኮሶ ትል መድኃኒት ሆኖ ኖሯል፤ ጌሾውም ለዝክሩ ጠላ ይሆናል። በጥምቀትና በትንሣኤ ነጭ ለብሶ የሚታየው ሕዝብ ሳሙና በየአገሩ ሳይገባ ልብሱን ያነጣ የነበረው በእንዶድ ነው።

ስለ እንዶድ ከተነሣ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሳሉ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ውሃ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ተመለከቱ። ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው በውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ አማካይነት ነውና፣ በአጥር ሥር የሚበቅለው ይህ ተክል ለብዙ አገር የሚጠቅም መድኃኒት እንዳለበት ከዚያ ወዲህ ታወቀ። እንዶዱ ግን ያን ጊዜ አልተፈጠረም፤ በየአጥሩ ሥር ቆሞ የሚመረምረውን ሰው ሲጠብቅ ኖረ። ማንም ሳይመረምረው ከምድር የጠፋ ተክል ምን ይዞ እንደ ሄደ የሚያውቅ የለም።

ዐጸዱ የትምህርትም ቤት ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከሩቅ አገር ሲመጣ ጎጆውን የሚቀልሰው በደኑ ጥግ ነው። ቅኔ የሚቈጥር ተማሪ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ብቻውን ይቀመጣል፤ ቤቱ ሲሞላለትም ወደ የኔታ ተመልሶ ይነግራል። ባሕታዊው በደኑ ይሰወራል፤ ሙታን በጥላው ሥር ያርፋሉ፤ ንቡም ከደኑ ወጥቶ የገበሬውን ኑግና ባቄላ ጎብኝቶ ይመለሳል። ስለዚህ ዐጸዱ ለካህናት ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ሕያዋንም ሙታንም፣ ሰውም አራዊትም ይካፈሉታል።

ስለ ነገሥታት ተክል

ዛፍ መትከል ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1434 እስከ 1468 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ተራራ ላይ እንዳስተከሉ በአፈ ታሪክ ይነገራል። የመናገሻ ሱባ ደን የሚባለው ያ ነው፤ ዛሬም ታላላቅ ጥድና ዝግባ ቆሞበታል።

የአዲስ አበባ ታሪክ ግን ዛፍ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ያስተምራል። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ አስቀድሞ በእንጦጦ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውሃው ሜዳ ወርዶ አዲሱ ከተማ ተቈረቈረ። እቴጌይቱም ስሙን አዲስ አበባ አሉት። ነገር ግን ስሙ አበባ የሆነው ከተማ ብዙ ዓመት ሳይቈይ እንጨት አጣ። የመኳንንቱ ቤት፣ የሠራዊቱ ድንኳን ካስማ፣ የየዕለቱም ማገዶ በዙሪያው የነበረውን ዛፍ ጨረሰው። ማገዶ ለመልቀም የሚሄደው መንገድ ዕለት ዕለት እየረዘመ ሄደ። በ1893 ዓ.ም. ገደማም ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻውን ወደ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወዳለው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ስፍራ በኋላ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ከተማው ግን ሳይነሣ በቦታው ጸና።

ሳይነሣ እንዲጸና ካደረጉት ነገሮች አንዱ ከሩቅ አገር የመጣ ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከአውስትራልያ የሚገኘው ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ያስመጣውም ሞንዶን ቪዳዬ የሚባለው ፈረንሳዊ እንደ ሆነ ይነገራል። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነውና ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለማገርና ለማገዶ ይደርሳል፤ ቢቈርጡትም ከጉቶው ያቈጠቍጣል። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲተከል አደረጉ፤ ሕዝቡም ትርፉን ሲያይ በየግቢው ተከለው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገላጣ የነበረው ከተማ ከሩቅ ሲያዩት ከተማነቱ ቀርቶ ደን የሚመስል ሆነ።

ይህ ታላቅ ውለታ ነው፤ ሊካድም አይገባም። ሆኖም ባሕር ዛፍ የጥዱንና የወይራውን ስፍራ ያዘ እንጂ ጥድንና ወይራን አልመለሰም። ለእሳትና ለቤት በቂ ሆነ፤ ለጥላ፣ ለመድኃኒትና ለወፍ ማደሪያ ግን እንደ አገሩ ዛፍ አልሆነም። ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልቡ አያድግም። አገሩ አንዱን ችግር ሲያስወግድ ሌላውን ዕዳ ተሸከመ ማለት ነው።

ስለ ቀሩት ደኖች

የአገሩ ዛፍ በየስፍራው ሲጠፋ በየደብሩ ዐጸድ ግን ተርፎ ተገኘ። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከ1,000 በላይ የሆኑ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ይገኛሉ። በእርሻ ባሕር መካከል እንደ ደሴት ተለይተው ይታያሉ። ጣልያኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. ከአየር ያነሡት ፎቶግራፍ በቅርብ ዘመን ከተነሣው ጋር ሲመሳከር፣ በነዚያ ሰማንያ በሚጠጉ ዓመታት ውስጥ መንግሥት ሲለወጥ፣ ጦርነትና ረኃብ ሲፈራረቅ፣ የደብሩ ደን አብዛኛውን በስፍራው ጸንቶ መቆየቱ ታይቷል።

ለዚህ ምክንያቱ ምንድር ነው? ጠባቂ ወታደር አልነበረውም፤ የሽቦ አጥርም አልነበረውም። አጥሩ ግዝት ነበር። ከዐጸዱ ዛፍ የሚቈርጥ ሰው ከታቦቱ እንደ ሰረቀ ይቈጠራል፤ ገበዙ ይከለክላል፤ ጎረቤት ይታዘባል፤ ሽማግሌም ይወቅሳል። ለቤተ ክርስቲያኑ ምሰሶ ቢያስፈልግ እንኳ በምክርና በፈቃድ ይቈረጥ ነበር። አንድ ሰው ሳይሾመው ሁሉም ጠባቂ ነበረ። የንጉሥ ትእዛዝ ያልጠበቀውን ደን የአጥቢያ ሕዝብ ሥርዓት ጠበቀው።

ከዚያ በኋላ በመሬቱ ላይ ታላቅ ለውጥ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፤ በየደብሩ ለካህናት አገልግሎት ተመድቦ የነበረውም መሬት ለገበሬዎች ተከፈለ። ይህ ለብዙ ጭሰኛ ዕረፍት ነበረ። ለዐጸዱ ግን በዙሪያው የቀረው ጥቂት ሆነ። የሕዝቡ ቍጥር ሲበዛም ሞፈሩ እስከ ደኑ ከንፈር ደረሰ፤ በዙሪያው የነበረው ቍጥቋጦና የግጦሽ ቦታ አነሰ። ከብት የሚሰማራበት ሲያጣ፣ በበጋው ወራት አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው የደብሩ ዐጸድ ብቻ ሆነ።

ስለ ልጅ ያጣው ደን

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ስለነዚህ ደኖች ያደረጉትን ምርምር አቀረቡ። በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው ነበር፤ ስፋታቸው ከ1.6 ሄክታር እስከ 100 ሄክታር ይደርሳል። በነዚህም ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ ተቈጠረ፤ ከነዚህም 160ው የአገሩ ተክል ነው። በዙሪያው ካለው ገላጣ ምድር ጋር ላስተያየው ሰው ይህ ታላቅ ሀብት ነው።

ነገር ግን ምርምሩ ሌላ የሚያሳዝን ነገር ገለጠ። ሽማግሌው ዛፍ ቆሟል፤ ልጁ ግን ጥቂት ነው። ከላይ ሲያዩት ደኑ ሙሉ ነው፤ ከሥሩ ሲመለከቱት ምድሩ የተረገጠና የተጋጠ ነው። የአብዛኞቹ ዛፎች ዘርም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ተደብቆ የሚቈይ አይደለም፤ በወደቀበት ዘመን ካልበቀለ ይጠፋል። ስለዚህ እናቲቱ ዛፍ በሞተች ጊዜ ከአፈሩ ውስጥ የሚነሣ ወራሽ አይኖርም። በቅኔ ቤት ቋንቋ ቢናገሩት፣ የደኑ ሰም ከፍ ብሎ የሚታየው ቅርንጫፍ ነው፤ ወርቁ ግን ከሥር ያለው ስንዝር የማይሞላ ችግኝ ነው። ሰሙን ብቻ የሚያይ ሰው ደኑ ደኅና ነው ብሎ ያልፋል።

ጥፋቱን የሚያደርሰው ማን እንደ ሆነም በፈተና ተመረመረ። ከደኑ ከፊሉን አጥረው፣ ከፊሉን ሳያጥሩ ትተው ቢመለከቱ፣ ከብት በማይገባበት የበቀለውና የተረፈው ችግኝ በልጦ ተገኘ። የሚገርመው ነገር ይህ ነው። ሰውን ግዝት ይከለክለዋል፤ ላምና ፍየል ግን ግዝት አያውቁም። በምሳር የማይደፍረው ምእመን ከብቱን በጥላው ሲያሳርፍ፣ በክብረ በዓል ቀን በቅሎውን ከለጋ ተክል ላይ ሲያስር ጥፋት የሠራ አይመስለውም። አንድም ዛፍ ሳይቈረጥ ደን ሊያልቅ እንደሚችል ያላሰበ ሰው እንዴት ይጠነቀቃል? ክፋት ያለበት ሰው የለም፤ ነገር ግን ጉዳቱ አልቀረም።

ስለ ድንጋይ ቅጽር

ይህ ከታወቀ በኋላ መድኃኒቱ ከሩቅ አልተፈለገም። ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ሊቅ ዶክተር ማርጋሬት ላውማን ከየአጥቢያው ካህናትና ሕዝብ ጋር ተመካክረው፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ቅጽር ማሠራት ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹም ካህናቱ ራሳቸው የፈለጉትና ሕዝቡ በገዛ እጁ የካበው ነበረ።

የቅጽሩ ሥራ ቀላል ነው። በገበሬው እርሻ ላይ ማረሻ የሚሰብር ድንጋይ ሞልቷል። ያን ድንጋይ እየለቀሙ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ ይክቡታል፤ በር ትተውለት ሰው ይገባል፣ ከብት ይቀራል። በአንድ ሥራ ሁለት ትርፍ ይገኛል፤ እርሻው ከድንጋይ ይጸዳል፣ ዐጸዱም ከከብት ይድናል። በአንዳንድ ስፍራ ሕዝቡ ቅጽሩን ከደኑ ጠርዝ ወጣ አድርጎ ካበው፤ ይኸውም ደኑ የሚሰፋበት ቦታ እንዲያገኝ ብሎ ነው። የዛሬውን ደን ብቻ ያጠረ ሰው ያለውን ጠበቀ፤ ወጣ አድርጎ ያጠረ ግን ለሚመጣው ትውልድ መሬት ሰጠ።

ነገር ግን ቅጽሩ ሁሉን አይፈጽምም። ዘሩ ጨርሶ ለጠፋው ዓይነት ችግኝ ማፍላት ያስፈልጋል። ይህም ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። የወይራ ፍሬ ቅርፊቱ ድንጋይ የሚመስል ነውና ካልተሰነጠቀ ዘግይቶ ይበቅላል። ችግኙ በበጋ በጥላ ሥር እየጠጣ አድጎ፣ ሐምሌ ሲገባ ምድሩ በጠገበ ጊዜ ይተከላል፤ በሚከተለውም በጋ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ይፈልጋል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ በየክረምቱ እጅግ ብዙ ሚሊዮን ችግኝ የመትከል ዘመቻ ሲደረግ ታይቷል። የተከላው ቍጥር በዕለቱ ይነገራል፤ የጸደቀው ቍጥር ግን ከዓመታት በኋላ ከጠባቂው ዘንድ ይገኛል። የክረምት ተካይ ብዙ ነው፤ የበጋ አጠጪ ግን ጥቂት ነው።

ስለ ባሕር ዛፍ በዐጸድ ውስጥ

አሁን ደግሞ በየደብሩ የሚያከራክር አንድ ነገር አለ። ድሀ ደብር ጣራውን ለማደስ፣ ለካህናቱ ደመወዝ ለመክፈል ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመት ይሸጣል። ስለዚህ በብዙ ስፍራ ባሕር ዛፉ ከአሮጌው ደን ጎን፣ አልፎ አልፎም በውስጡ ተተክሎ ይገኛል። ይህን ያደረጉ የደብር አስተዳዳሪዎች ስለ ቤተ ክርስቲያኑ አስበው ነውና መነቀፍ አይገባቸውም። በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዐዋዲ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤም ገቢ የማግኘት ኃላፊነት አለበት።

ሆኖም ሁለቱን ነገር መለየት ያሻል። ባሕር ዛፍ ሰብል ነው፤ እንደ ሰብል ይዘራል፣ እንደ ሰብል ይታጨዳል። ጥድና ዝግባ ግን ርስት ናቸው፤ ርስት ለዕለት ጉርስ አይሸጥም። ሰብሉ ከቅጽሩ ውጭ በራሱ መደብ ቢተከል ደብሩም ገቢውን ያገኛል፣ ዐጸዱም ልብሱን አያጣም። በአሮጌው ዛፍ መካከል ሲገባ ግን የውሃውን ድርሻ ይወስዳል፤ ስፍራውንም ለአገሩ ተክል ችግኝ አይለቅም። ጥንቱን ጥድ ቈርጦ በስፍራው ባሕር ዛፍ መትከልማ የአያትን መጽሐፈ ብራና ሸጦ ወረቀት እንደ መግዛት ነው።

ፍጻሜ

የኢዮቤልዩ ነገር ከመነሻው የምድር ነገር ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈው አምሳኛው ዓመት ሲደርስ ምድር ታርፋለች፤ ከርስቱ የወጣም ወደ ርስቱ ይመለሳል። ኢዮቤልዩ የሚያከብር ደብርም ዝማሬውን ከዘመረ፣ ዝክሩንም ከዘከረ በኋላ ወደ ዐጸዱ ወጥቶ ምድሪቱ ዐርፋ እንደ ሆነ፣ ከርስታቸው የወጡት ዛፎችም ተመልሰው እንደ ሆነ መመልከት ይገባዋል።

ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በየአጥቢያው የጽዋ ማኅበር አለ፤ ሰንበቴ አለ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አሉ። ማኅበሩ ሁሉ ከቅጽሩ ጥቂት ክንድ ቢክብ፣ ጥቂት ችግኝም በስሙ ተቀብሎ በጋውን ቢያጠጣ፣ ዳቦና ጠላ ቀምሶ የሚበተነው ሰው በዚያው ቀን ሥራውን ሠርቶ ይሄዳል። በቅሎ የሚታሰርበት ካስማ ከቅጽሩ ውጭ ቢተከል ይህ እንኳ ታላቅ ነገር ነው። የቀድሞው ሕዝብ ደኑን በግዝት ጠበቀ፤ የዛሬው ሕዝብ ደግሞ ግዝቱን በድንጋይ ያጽና።

ጥድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ዛሬ የተተከለ ጥድ የሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ሲከበር ገና ጎልማሳ ይሆናል፤ የተከለው ሰው ግን ምናልባት ከሥሩ ዐርፎ ይገኛል። በዚያ ቀን በጥላው የሚቀመጠው ተማሪ የተካዩን ስም አያውቅም፤ የሚያጠጣው ሰው መኖሩን ግን ከዛፉ ቁመት ያውቃል። አባቶች ሳይተርፉ ዛፋቸው የተረፈልን እንዲሁ ነውና፣ የተቀበለ ያስረክብ።